«101» የሚባሉት ኮርሶች፡ በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርት ለሚጀምሩ ወገኖች መሠረታዊ ማብራሪያ

በዋሺንግተን ዲሲ ዙሪያ ባለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ በተማሪዎች የማማከር ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳና ከጅማ ዲግሪያቸውን ይዘው የመጡ ወገኖቻችን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው። «በሙያዬ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ከ18 ዓመት ልጆች ጋር ‹መግቢያ› የሚባል ኮርስ የምማረው ለምንድነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ግድ ነው» ወይም «ግድ አይደለም» ተብሎ አያልቅም። አንዳንዱ የመግቢያ ኮርስ በር ይከፍታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ በልቶ ባዶ እጅ ይሸኛል። ልዩነቱን ቀድሞ የተረዳ ሰው አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያተርፋል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት አሜሪካ ላሉት ብቻ አይደለም። ልጁን፣ እህቱን ወይም የትዳር ጓደኛውን የላከና በስልክ «ምን ልመዝገብ?» ተብሎ የሚጠየቅ አዲስ አበቤም ብዙ ነው። አንዳንዶቹ ዝግጅቶች ደግሞ ከአገር ሳይወጡ ካልተጠናቀቁ በኋላ ዋጋ ያስከፍላሉ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምንድነው?

ዛሬም በሥራ ላይ ካሉት የአሜሪካ የመንግሥት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ሁሉ አንጋፋው በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሲከፈት 6 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። ሐሳቡን ያፈለቁት በወቅቱ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዊሊያም ሬይኒ ሃርፐር እና የጆሊየት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጄ. ስታንሊ ብራውን ናቸው። ዓላማቸው የአካባቢው ወጣቶች ከቤታቸው ሳይርቁ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ትምህርት እንዲያገኙ ማድረግ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በ1944 በወጣው ሕግ የትምህርት ድጋፍ ሲያገኙ የተማሪው ቁጥር እጅግ ጨመረ። በ1947 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን በየአካባቢው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ኮሌጆች እንዲስፋፉ ሐሳብ አቀረበ። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ተለመደ። ዛሬ በመላ አገሪቱ አንድ ሺሕ ገደማ እንዲህ ያሉ ኮሌጆች አሉ።

የእኛ ማኅበረሰብ በብዛት በሚኖርበት የዋሺንግተን አካባቢ በይበልጥ የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንዱ በ1946 የተመሠረተውና በሜሪላንድ ግዛት በሮክቪል፣ በጀርመንታውን እንዲሁም በታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያስተምረው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው። ሌላው በቨርጂንያ አሌክሳንድሪያንና አናንዴልን ጨምሮ ስድስት ካምፓሶች ያሉት፣ በአጭሩ «ኖቫ» የሚባለው ኖርዘርን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ባለቤት ጂል ባይደን ከ2009 እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ እንግሊዝኛ ያስተማሩት በኖቫ ነው።

እነዚህ ኮሌጆች ሁለት ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ያከናውናሉ። በአንድ በኩል ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚሸጋገር ተማሪ ያዘጋጃሉ፤ በሌላ በኩል ነርስ፣ የመኪና መካኒክ፣ የኮምፒዩተር ኔትወርክ ባለሙያ ያሠለጥናሉ። በእኛ አገር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አንድ መንገድ፣ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይም ጠባብ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግን ሁለቱ ተማሪዎች በአንድ የእንግሊዝኛ ክፍል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለመግባት የውጤት ውድድር የለም፤ ክፍያውም ዝቅተኛ ነው። የኮሌጅ ቦርድ መረጃ እንደሚያሳየው በ2024–25 የትምህርት ዘመን በመንግሥት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ለአካባቢው ነዋሪ የተጠየቀው አማካይ የዓመት ክፍያ 4,050 ዶላር ሲሆን፣ በአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለግዛቱ ነዋሪ 11,610 ዶላር ነበር።

ክሬዲትና ቁጥር

አብዛኛው የመግቢያ ኮርስ 3 ክሬዲት አለው። ይህም በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ መቀመጥ ማለት ሲሆን፣ ለእያንዳንዷ የክፍል ሰዓት ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል የግል ጥናት ይጠበቃል። ስለዚህ በአንድ ሴሚስተር 12 ክሬዲት የያዘ ሰው በሳምንት 36 ሰዓት ለትምህርት መመደብ አለበት። ቀን ትምህርት፣ ማታ ሥራ ብሎ ለሚነሳ ሰው መጀመሪያ መሠራት ያለበት ሒሳብ ይኸው ነው። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ፣ የአራት ዓመቱ ባችለር ደግሞ 120 ክሬዲት ገደማ ይጠይቃል።

«101» የሚለው ቁጥር በአሜሪካኖች ንግግር «የአንድ ነገር ሀሁ» የሚል ትርጉም ይዟል። በኮርስ ዝርዝር ላይ በ100 የሚጀምሩት የአንደኛ ዓመት፣ በ200 የሚጀምሩት የሁለተኛ ዓመት ኮርሶች ናቸው። ከ100 በታች የሆኑት የማጠናከሪያ ኮርሶች ሲሆኑ በተለምዶ ለዲግሪ አይቆጠሩም። ቁጥሩ ግን ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። የመጀመሪያው የድርሰት ኮርስ በቨርጂንያ 111 ሲባል በሞንትጎመሪ 101 ነው። ፍሎሪዳና ቴክሳስን የመሳሰሉ ግዛቶች የጋራ የቁጥር ሥርዓት ስላላቸው ችግሩን አቅልለውታል፤ በሌሎች ቦታዎች ግን ቁጥሩን ሳይሆን የኮርሱን ይዘት ማየት ይበጃል።

በየዘርፉ የሚሰጡት ኮርሶች

እንግሊዝኛ፦ የኮሌጅ ድርሰት ኮርስ ማንም የማያመልጠው ነው። ብዙ ወገኖቻችን «እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ በእንግሊዝኛ ተምሬያለሁ» ብለው ይገባሉ። ኮርሱ የሚለካው ግን ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ አንድ አቋም ይዞ፣ ማስረጃ ጠቅሶ፣ ተቃራኒውን ሐሳብ አክብሮ መከራከርን ነው። መምህሩ «አንተ ምን ትላለህ?» ሲል ከመጽሐፉ የተጠናውን መመለስ ዋጋ የለውም። የሰው ጽሑፍ ምንጩን ሳይጠቅሱ መውሰድም እንደ ስርቆት ይቆጠራል፤ ከኮርሱ መውደቅና ከዚያም የከፋ ቅጣት ያስከትላል። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጻፍ ላይ እያንዳንዱ መምህር የራሱን ደንብ ያወጣል፤ ደንቡን በመጀመሪያው ሳምንት ማንበብ ያስፈልጋል።

ሒሳብ፦ እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምሕንድስና፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ፊዚክስ የሚሄድ ሰው ቅድመ ካልኩለስና ካልኩለስ ያስፈልገዋል። ወደ ሳይኮሎጂ፣ ማኅበራዊ ሥራ ወይም ነርሲንግ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ስታትስቲክስ ይበቃዋል። «ሒሳብ ያው ሒሳብ ነው» ብሎ ክፍት የሆነውን መውሰድ አንድ ሴሚስተር ማቃጠል ነው። የእኛ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ ዘርፍ ጠንካሮች ስለሆኑ የመመደቢያ ፈተና አልፈው በቀጥታ ካልኩለስ ሊገቡ ይችላሉ፤ ዕድሉን መጠየቅ ግን የተማሪው ፋንታ ነው።

የተፈጥሮ ሳይንስ፦ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከቤተ ሙከራ ጋር በብዛት 4 ክሬዲት አላቸው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ዓይነት ኮርሶች መኖራቸውን። አንዱ በሳይንስ ለሚገፋበት ተማሪ፣ ሌላው የሳይንስ ግዴታውን ለማሟላት ብቻ ለሚፈልግ የታሰበ ነው። ሁለተኛውን የወሰደ ሰው ፋርማሲ እማራለሁ ቢል ኮርሱ አይያዝለትም። በጤና ሙያ ደግሞ የሰውነት አካላትና ተግባር ኮርስ የመጀመሪያው በር ነው። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች የሳይንስ ኮርሶች የተወሰዱበት ዘመን እንዳይርቅ ገደብ ስለሚያስቀምጡ፣ ከ15 ዓመት በፊት የተማሩት አናቶሚ እንደገና ሊጠየቅ ይችላል።

ማኅበራዊ ሳይንስ፦ ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂና ኢኮኖሚክስ በብዛት ይወሰዳሉ። ኢኮኖሚክስ ማክሮና ማይክሮ ተብሎ በሁለት ኮርስ ይሰጣል፤ የቢዝነስ ተማሪ ሁለቱንም ይፈልጋል። ሶሲዮሎጂ ለአዲስ ገቢ የተለየ ጥቅም አለው። የአሜሪካ ኅብረተሰብ ስለ ዘር፣ ስለ መደብና ስለ ቤተሰብ የሚነጋገርበትን ቋንቋ ያስተዋውቃል። በሥራ ቦታ ግራ የሚያጋባን ብዙ ነገር እዚያ መልክ ይይዛል።

ሂውማኒቲስ፦ ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ መግቢያ እዚህ ይመደባሉ። «ለሒሳብ ሠራተኛ ፍልስፍና ምን ይሠራለታል?» የሚለው ቅሬታ የታወቀ ነው። የአሜሪካ ሥርዓት መልስ ግን ግልጽ ነው። ማንም ሰው በአንድ ሙያ ከመጥለቁ በፊት ሌሎች የዕውቀት ዘርፎች እንዴት እንደሚያስቡ በመጠኑ ማየት አለበት፤ ይህንንም አጠቃላይ ትምህርት ይሉታል።

የሕዝብ ንግግር፦ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ ማድመጥን እንደ ጨዋነት ተምረን ላደግን ሰዎች ይህ ኮርስ ከሁሉ ይከብዳል። አምስት ደቂቃ ቆሞ፣ ወረቀት ሳያነቡ፣ የአድማጭን ዓይን እያዩ መናገር ይጠይቃል። ነገር ግን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላየሁም።

ሙያ ነክ መግቢያዎች፦ የሒሳብ አያያዝ፣ የቢዝነስ፣ የኮምፒዩተርና የፕሮግራሚንግ መግቢያዎች በዚህ ውስጥ ናቸው። በተጨማሪም ብዙ ኮሌጆች የአጠናን ዘዴንና የኮሌጁን አሠራር የሚያስተዋውቅ የ1 ክሬዲት ኮርስ ያስወስዳሉ። ቀላል ቢመስልም ለውጭ አገር ተማሪ የማይናቅ ነው።

የማጠናከሪያ ኮርሶች ወጥመድ

ለረዥም ዘመን አዲስ ተማሪ የኮምፒዩተር ፈተና ወስዶ ዝቅ ያለ ውጤት ካመጣ ለዲግሪ በማይቆጠሩ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ኮርሶች ሁለትና ሦስት ሴሚስተር ይቆይ ነበር። ብዙዎች ከዚያ ሳይወጡ ትምህርቱን ተዉ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምርምር ማዕከልና ሌሎችም ያካሄዷቸው ጥናቶች ፈተናዎቹ በቀጥታ ኮሌጅ ደረጃ ገብተው ሊያልፉ የሚችሉ ብዙ ተማሪዎችን ያለ ቦታቸው እንደሚያስቀምጡ አሳዩ። ፍሎሪዳ በ2013 ባወጣችው ሕግ ለአብዛኛው ተማሪ የማጠናከሪያ ኮርስ በፈቃድ እንዲሆን አደረገች። ካሊፎርንያም በ2017 ባጸደቀችው ሕግ ኮሌጆች የተማሪውን የሁለተኛ ደረጃ ውጤት እንዲያዩና ተማሪው በአንድ ዓመት ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ የሚቆጠረውን ኮርስ እንዲጨርስ ዕድሉን እንዲያሰፉ አስገደደች።

ለእኛ ሰው ትምህርቱ ይህ ነው። በፈተና ዝቅ ብሎ መመደብ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። የ12ኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ውጤትን አቅርቦ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ ወይም ከዋናው ኮርስ ጎን የሚሰጥ የድጋፍ ክፍል መምረጥ ይቻላል። የእንግሊዝኛ ችግሩ እውነተኛ ለሆነበት ሰው ግን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች በተዘጋጀው ኮርስ መጀመር ውርደት አይደለም፤ ሳይዘጋጁ ገብቶ መውደቅ የበለጠ ያስከፍላል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር

እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ያስደነግጣሉ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት ውስጥ 80 በመቶ ገደማ ባችለር ዲግሪ የማግኘት ሐሳብ አላቸው። ሲሶው ያህል ብቻ ወደ አራት ዓመት ተቋም ይሻገራል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለሩን የሚይዘው ደግሞ ከመቶ 16 ያህል ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ተቋም የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንደሚያጡ ገምቷል።

ክሬዲት የሚጠፋው ተማሪው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ኮርስ ስለመረጠ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኮርሱን «ተቀብያለሁ» ቢልም «በምርጫ ኮርስነት» ብቻ ሊመዘግበው ይችላል። ያኔ ክሬዲቱ ወረቀት ላይ አለ፤ የዋናውን ትምህርት ግዴታ ግን አያሟላም። የሒሳብ አያያዝ ባለሙያ የነበረ አንድ ወገናችን ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ እየተማረ 21 ክሬዲት ካጠራቀመ በኋላ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ውስጥ እሱ ለፈለገው የቢዝነስ ዲግሪ የሚጠቅመው 9 ብቻ ነበር። የቀረውን የመረጠው ሰዓቱ ከሥራው ጋር ስለተስማማ ነው። ውጤቱ ሁሉም «ኤ» ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ኮርሱ ሳይሆን መድረሻው ነው። ለምሳሌ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመሩት «አድቫንስ» የተባለ የጋራ ፕሮግራም ተማሪው ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ እስከ ባችለር ድረስ የሚወስዳቸውን ኮርሶች ቀድሞ ያሳያል። ሌሎች ኮሌጆችም ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የጽሑፍ ስምምነት አላቸው። ስምምነቱን ማየት የማንኛውም ተማሪ መብት ነው።

የኢትዮጵያ ዲግሪ ላለው ሰው

ዲግሪ ያለው ሰው ከሀሁ መጀመር የለበትም። በቅድሚያ ትራንስክሪፕቱን በታወቀ የውጭ ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ማስገምገም አለበት። ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ግምገማው ዲግሪውን ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ካደረገው፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ እንደገና መያዝ ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። ለማስተርስ ወይም ለሙያ ፈቃድ የጎደሉትን ሦስትና አራት ኮርሶች ብቻ መውሰድ ሊበቃ ይችላል። የሦስት ዓመት ዲግሪ ያላቸው ግን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ሙሉ ባችለር እንደማይቀበሉት ማወቅ አለባቸው።

በግልጽ መነገር ያለበት ሌላው ጉዳይ የገንዘብ ድጋፍ ነው። ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል እርዳታ የማይመለስ ሲሆን፣ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊያመለክት ይችላል። ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም፣ ይህን እርዳታ አያገኝም። «ዲግሪህን ደብቀህ ሙላ» የሚል ምክር በየቡና ቤቱ ይሰማል። ይህ በፌዴራል ቅጽ ላይ ሐሰት መጻፍ ነው፤ ገንዘብ ከማስመለስ አልፎ በወንጀል ያስጠይቃል። ዲግሪውን የደበቀ ሰው በተጨማሪ የተማራቸውን ኮርሶች ማስቆጠር ስለማይችል በሁለት በኩል ይጎዳል።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ወይም ፍሬሽማንን መልሰው ጀምረዋል። ሎጂክ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ክህሎትና ሒሳብ የተማሩ ወጣቶች ከአሜሪካው የመግቢያ ኮርስ ጋር የሚቀራረብ ትምህርት ወስደዋል ማለት ነው። ይቆጠርላቸው ዘንድ ግን የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ ማቅረብ አለባቸው። ትራንስክሪፕቱ በአውሮፓው የክሬዲት መለኪያ የተሠራ ከሆነም ልብ ይሏል፤ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች አሠራር 5 የአውሮፓ ክሬዲት ከ3 ክሬዲት አወር ጋር ይተካከላል።

ከመመዝገብ በፊት

ከአገር ሳይወጡ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕትና የኮርሶች መግለጫ መያዝ፣ የወጪ መጋራት ዕዳ ካለም ጨርሶ ዋናውን ዲግሪ መረከብ ያስፈልጋል። ከባሕር ማዶ ሆኖ ሬጅስትራር ቢሮ ሰው መላክ ምን ያህል እንደሚያለፋ ያየ ያውቀዋል።

የነዋሪነት ጊዜም መታሰብ አለበት። በቨርጂንያ በነዋሪ ዋጋ ለመማር ቢያንስ አንድ ዓመት በግዛቱ መኖርን ማስረዳት ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት የሚመዘገብ ሰው እጅግ ከፍ ያለ ክፍያ ይጠብቀዋል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁለት ወይም ከሦስት ኮርስ አለመብለጥ ይመረጣል፤ በተለይ ለሚሠራ ሰው። ከነዚህም አንዱ የድርሰት ኮርስ ቢሆን መልካም ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ በእሱ ላይ ይመሠረታሉ።

ትምህርት ሲጀመር ሲለበሱን እንደ ውል ቆጥሮ ማንበብ ይገባል። የፈተና ቀን፣ የቀሪ ገደብ፣ የዘገየ ሥራ ቅጣት ሁሉ እዚያ አለ። ያለ ቅጣት ኮርስ የሚተውበት የመጨረሻ ቀንም በኮሌጁ ካላንደር ላይ ይገኛል፤ በዝምታ የቀረ ተማሪ «ኤፍ» ይጠብቀዋል። መምህሩ ለተማሪ የመደበውን የቢሮ ሰዓት መጠቀምም የደካማ ምልክት አይደለም፤ የሚከበረው የሚጠይቅ ተማሪ ነው።

ሌላ ነገር ሁሉ ቢረሳ አንድ ጥያቄ አይረሳ። አማካሪው ፊት ቀርቦ «ይህ ኮርስ ለምፈልገው ዲግሪ፣ በምፈልገው ዩኒቨርሲቲ፣ በየትኛው ግዴታ ቦታ ይቆጠራል?» ብሎ መጠየቅ። መልሱን በጽሑፍ መቀበል። አማካሪው በቂ መልስ ካልሰጠ ወደ ዩኒቨርሲቲው ራሱ መደወል። ይህን ያደረገ ተማሪ ከ18 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ክፍል መቀመጡ አያሳስበውም፤ እዚያ ለምን እንደተቀመጠ ያውቃልና።